ከሥር አጠገብ ያረፈ ኳስ

የስፖርት ጋዜጣው አዘጋጅ በሩን ገርበብ አድርጎ በስልክ ያወራል። ታይፒስቷ ደጅ ላይ ቆማ የሰማችው ልታደምጥ ፈልጋ ሳይሆን፣ እሁድ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ጭር ስለሚል ሳል እንኳን ከክፍል ክፍል ስለሚሰማ ነው።

«ገባኝ ዶክተር፤ የእጅዎ ነገር ከልቤ ነው ያሳዘነኝ። ግን ጋዜጣው ምን ያድርግ? ምክሩን የጻፉት መምህሩ ናቸው፤ ስማቸው ከነፎቷቸው ከላይ ተቀምጧል። አዎ፣ ቤታቸውን እነግርዎታለሁ። ታመው ከተኙ ቆይተዋል፣ አያጧቸውም። ጠበቃም ይዘው ቢሄዱ መብትዎ ነው፤ እኛን ብቻ አያስገቡን።»

በብብቷ የያዘችው ክላሰር ሊያመልጣት ሲል በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ክላሰሩ ውስጥ ለነገው ጋዜጣ የሚሆን አንድ ገጽ አለ፤ የላይኛው ግማሽ ለአማተር የጎልፍ ተጫዋቾች ምክር፣ የታችኛው ግማሽ የፕሮፌሽናሎቹ ውድድር ዜና። ወደ ኋላ ተመልሳ ደረጃውን ብትወርድ ማንም አላያትም ነበር። እግሯ ግን አልታዘዝ አላት፤ እንደ ተቀጣ ሕፃን ተገትራ ሳለች አዘጋጁ በሩን ከፈተው።

«እትዬ! መጡ እንዴ? ይግቡ፣ ይግቡ» አለና ወረቀቱን ተቀበላት። ወጣት ነው፣ ችኩል፤ ሲያወራ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። «የጥርስ ሐኪሙን ያውቁታል አይደል? የክለቡ አባል ነው፣ ድሮ መምህር ያስተማሩት። ዱላው ከዛፍ ሥር ጋር ተጋጭቶ እጁን ተሰብሯል። ከሦስት ሳምንት በፊት ያወጣነውን ምክር አምኜ ነው ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናንተ ጋ ይመጣል። እባክዎ መምህር በደንብ ያናግሩት፤ ነገሩ እዚያው ቢያልቅ ነው የሚሻለው።»

«የትኛው ምክር?» አለች፤ እያወቀችው።

«ያ በሳጥን ያወጣነው ነዋ! ‘ፈሪ እጅ’ ምናምን የሚለው። እኔማ እንዴት ወድጄው ነበር መሰልዎት!»

ክላሰሯን በብብቷ ከትታ ወጣች። ደረጃውን የወረደችው ግድግዳውን እየተደገፈች ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ባሏ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በከተማው የጎልፍ ሜዳ አስተማሪ ነበር፤ መምህሩ የሚለው ስም እናት አባቱ ካወጡለት ስም በልጦ ቀርቷል። እሷ ደግሞ ጡረታ እስክትወጣ በመሥሪያ ቤት ታይፕ ስትመታ የኖረች ሴት ናት። ማታ ማታ እሱ በእጁ የሞነጫጨረውን የጋዜጣ ጽሑፍ እሷ በታይፕ ታሳምረዋለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ። የጎልፍ ዱላ አቧራ ልትጠርግለት ካልሆነ ነክታ አታውቅም፤ የባሏን አረፍተ ነገር ግን ከራሱ በላይ ታውቀዋለች፤ የት እንደሚያጥር፣ የት ላይ ቀልድ ጣል እንደሚያደርግ። አምና ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፣ ምላሱ ተያዘ። ፊደል ሲያይ እንደ ጉንዳን ይተራመስበታል። አዘጋጁ ደውሎ «መምህር ካልቻሉ ገጹን ለሌላ ሰው ልስጠው?» ባላት ጊዜ፣ የባሏ ስም ከዚያ ገጽ ላይ ሲፋቅ ታያትና «ኧረ ይችላል! ትንሽ አመመው እንጂ ይጽፋል» አለች። ይቺ አንዲት ቃል ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ፤ በሳምንቱ መጻፍ ነበረባት፣ ጻፈች። ለባሏ ደግሞ ሌላ ነገረችው፤ «ጋዜጣው የድሮ ጽሑፎችህን እንደገና እያወጣልህ ነው» አለችው። ደስ አለው። ሰኞ ሰኞ የውድድሩን ዜና ታነብለታለች፤ ከላይ ያለውን «ይኼ የድሮው ነው፣ ታውቀዋለህ» እያለች ትዘለዋለች። በመጀመሪያ ከማስታወሻ ደብተሮቹ ነበር የምትገለብጠው። ደብተሮቹ እያለቁ ሲሄዱ ከራሷ መጨመር ጀመረች፤ ዛሬ አንድ መስመር፣ በሳምንቱ ሦስት መስመር፣ እያለ እያለ ሠላሳ ስድስት ሳምንት ሞላ።

የዚያን ቀን፣ ያን ምክር በጻፈችበት ቀን፣ ገጹ አራት መስመር ጎድሎት ነበር። ከዛፎች መሐል ስለገባ ኳስ የሚል ጽሑፍ ነው። ድስት እሳት ላይ ጥዳ፣ ዓይኗ ድስቱ ላይ፣ ጣቷ ታይፑ ላይ ሆኖ እንዲህ ብላ ሞላችው፦ «ከሥር አጠገብ ያረፈ ኳስ አያስፈራህ። ኳስ የሚያበላሽ ፈሪ እጅ ነው። ዱላህን ጠበቅ አድርገህ ያዝና በሙሉ ኃይልህ ምታው፤ መሬቱ ይለቅልሃል።» አምሮ ታያት። አዘጋጁ በሳጥን አድርጎ፣ በትልልቅ ፊደል ሲያወጣው ደግሞ፣ አልኮራሁም ብትል ውሸት ይሆንባታል፣ ኮራች። በሕይወቷ የጻፈችው የራሷ አረፍተ ነገር በሳጥን ወጥቶ አያውቅም።

አውቶቡስ ውስጥ ከፊቷ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ፤ አንደኛዋ «ድሮ ሽንኩርት ስንልጥ ነበር የምናለቅሰው፣ አሁን ስንገዛ ሆነ» ስትል ሌላዋ ትስቃለች። ታይፒስቷ አልሰማቻቸውም። የሰዉን እጅ ነው የምታየው። የያዙት ብረት ላይ የተጠመጠሙ ጣቶች፣ ስልክ የሚነካኩ ጣቶች፣ ቲኬት የሚቆርጡ ጣቶች። የጥርስ ሐኪም። ከሰው ሁሉ መርጦ የጥርስ ሐኪም! እጁ እኮ ነው እንጀራው። ከፌርማታዋ አንድ አሳልፋ ወረደች።

ቤታቸው ምድር ቤት ያለ ሁለት ክፍልና ጠባብ ወጥ ቤት ነው። የመምህሩ አልጋ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ በግራ በኩል ከግድግዳው ተጠግቶ ተዘርግቷል። ማቀዝቀዣው ላይ የመድኃኒት ማሸጊያ ተደርድሯል። ጥግ ላይ የዱላዎቹ ቦርሳ አንሶላ ለብሶ እንደ ተቀመጠ እንግዳ ቁጭ ብሏል። ታላቅ እህቱ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እታለም የሚላት፣ ከታመመ ወዲህ መጥታ አብራቸው ትኖራለች። ሲጮኹባት የማትሰማ፣ ሲያንሾካሹኩ የማያመልጣት ሴት ናት። ታይፒስቷ ስትገባ መምህሩ የውድድሩን የትናንት ውሎ ድጋሚ እያየ ነበር፤ ግራ ጠቋሚ ጣቱን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሳላት። ጣት ማንሳት አዎ ነው፣ ደህና ዋልሽም ነው፣ ጥሩ ነውም ነው። አይ ለማለት ደግሞ በግራ እጁ ጉልበት ያገኘውን ነገር፣ አልጋም ሆነ ግድግዳ፣ ያንኳኳል። ከዚህ ሌላ ቋንቋ አልቀረለትም።

ሳታየው አለፈችና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ከቁም ሳጥኑ ሥር የደብተሮቹን ካርቶን ጎትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ምናልባት እሱም እንዲህ ብሎ ጽፎ ይሆናል፤ ምናልባት ከሆነ ቦታ አንብቤው ይሆናል እያለች ገለበጠች። ሰማያዊው ደብተር ላይ አገኘችው። ስለ ዛፎቹ የገለበጠችው ገጽ ሲያልቅ እሷ ድስቷን ልታማስል ተነስታ ኖሮ፣ ገልጣ ያላየችው ጀርባው ላይ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቱ ተቀምጧል፦ «ሥር ካለ አትምታ። አንሳው፣ የአንድ ምት ቅጣቱን ዋጥ አድርግና ከሜዳው ላይ ቀጥል። ምት ይተካል፣ እጅ አይተካም።»

አንድ ገጽ ብቻ ነበር የቀራት። አንድ ቅጠል።

«ምን ሆነሻል?» እታለም በሩ ላይ ቆማለች፣ ዳቦ የሸፈነችበትን ጨርቅ እንደያዘች። «ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ነገረቻት። ወጥ ቤት ገብተው፣ ቧንቧውን ከፍተው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት። እታለም አልደነገጠችም። ለካ ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ የታይፑን ድምፅ ከጎን ክፍል እየሰማች፣ እሱ አልጋው ላይ እንደተኛ እያየች፣ አንድም ቀን አልተነፈሰችም። ሁለቱ ሴቶች በየቀኑ ሲተያዩ የዋሉት ይህን ደብቀው ነው።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው» አለች እታለም። ከዚያ ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠችና፣ «ስሚ እንግዲህ። ሰውዬው ሲመጣ እሱ ነው የጻፈው በይ። በሽተኛ ማን ይከሳል? አልጋ ላይ የተኛ ሰው ምን ያደርጉታል? አንቺን ካገኙ ግን ይበሉሻል። ጤነኛ ነሽ፣ በሰው ስም ጽፈሻል፣ ጋዜጣውን አታለሻል።»

«እሱ ይሰማል እኮ፣ እታለም።»

«ቢሰማስ? አይናገር።»

ቧንቧው ይፈሳል። ታይፒስቷ የባሏን እህት አየቻት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወንድሟን እንደ ልጅ ነው የምትወደው። ፍርሃት ነው የሚያናግራት። ያው የሷው ፍርሃት ነው። እና እውነቱን ለመናገር፣ ያን ስትሰማ ታይፒስቷ ልቧ ትንሽ ቀለል አለላት። ቧንቧውን ዘጋች። «እሺ» አለች።

ከምሳ በኋላ ባሏን አጠበችው። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ አለበሰችው፤ ሽባውን እጅ አስቀድማ፣ ደህናውን አስከትላ። «የድሮ ተማሪህ ሊጠይቅህ ይመጣል፣ የጥርስ ሐኪሙ» አለችው። ጣቱን አነሳ፣ አወረደ፣ እንደገና አነሳ። ከዚያ ከግራ ዓይኑ እንባ ወረደ፤ አልጠረገውም። ከወራት ወዲህ ከቤተሰብ ውጭ ሰው አይቶ አያውቅም። የክለቡ ሰዎች ሲደውሉ «ሐኪም እንግዳ ከልክሎታል» የምትለው እሷ ናት፤ ሰው ቢያየው መጻፍ እንደማይችል ይታወቃላ! ሰዎቹም እየቆዩ መደወሉን ተዉት። እሱ ተረሳሁ ብሎ ሲያስብ ኖሯል። ይህን እስከ ዛሬ በዚህ በኩል አላየችውም ነበር። ማበጠሪያውን በፀጉሩ ላይ ስታሳልፍ ጆሮውን ነካችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ የፍጻሜውን ዙር የመጨረሻ ጉድጓዶች ያሳይ ነበር። በሁለት ምት የሚመራው ረጅሙ ተጫዋች፣ እሱን የሚከተለው ግራኙ። የቴሌቪዥኑ ተናጋሪ እንደ ልቅሶ ቤት ሰው ያንሾካሹካል። ታይፒስቷ መስኮቱ ጋ ቆማ መንገዱን ታያለች። መኪና ባለፈ ቁጥር ከመስኮቱ ወደ ኋላ ትላለች። ሁለት ሰው ይመጣል ብላ ነበር፣ ሐኪሙና ጠበቃው፤ ምናልባትም ፖሊስ። አንዲት ትንሽ መኪና ቆመች። ሴት ልጅ ትነዳለች፤ የኋላው በር ተከፍቶ ሰውዬው ብቻውን ወረደ። ቀኝ ክንዱ ከመዳፉ እስከ ክርኑ በጀሶ ታስሯል። በሩን በግራው መዝጋት አቅቶት በዳሌው ገፋው።

የፈሩት ይደርሳል፣ ደረሰ።

ሐኪሙ ሃምሳ ዓመት ገደማው፣ ሸበቶ፣ ሲገባ የተቆጣ ፊት ነበረው። ያ ፊት አልጋውን ሲያይ ፈረሰ። ሰላምታ ሊሰጥ የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። መምህሩ ግራ ጣቱን አነሳ፣ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ የፊቱ ግማሽ ብቻ ነው የታዘዘው። ከዚያ ጀሶውን አየና ከጉሮሮው «ም… ም…» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ምን ሆንክ ማለቱ ነበር።

«መምህር አይናገሩም እንዴ?» አለ ሐኪሙ፣ ወደ ታይፒስቷ ሳይዞር።

«ዛሬ ደክሞት ነው» አለች እታለም ፈጥና፣ የሻይ ዝርግ ሳህኑን እያስቀመጠች። «አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል።»

ሰውዬው ሐኪም ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የመምህሩን ሽባ እጅ በግራ እጁ ያዘ፣ «ይጭበጡኝ እስቲ» አለው፣ ጠበቀ፣ ለቀቀው። የወደቀውን የከንፈር ጥግ አየ። ማቀዝቀዣው ላይ የተደረደረውን የመድኃኒት ስም አነበበ። ሻይ ሲሰጡት በግራው ተቀበለና ግማሹ ሱሪው ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አይዞህ አላለም። ቴሌቪዥኑ ብቻ ያንሾካሹካል። ታይፒስቷ ልታጠፋው ፈልጋ መቆጣጠሪያው የት እንዳለ ጠፋት፤ ዓይኗ ሥር፣ ማቀዝቀዣው ላይ ነበር።

ሐኪሙ ከኪሱ ከጋዜጣ የተቆረጠ ወረቀት አወጣ። በአራት ታጥፏል። በግራ እጁና በጥርሱ ዘረጋው። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልጣላዎ ነበር የመጣሁት» አለ። «ይቺን ነገር ላንብብልዎት።» አነበባት፣ ቀስ ብሎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ከሥር አጠገብ ያረፈ ኳስ አያስፈራህ።

ገና ሳይጨርስ የመምህሩ ግራ እጅ የአልጋውን ጎን መታ። አንዴ። ከዚያ ደጋግሞ፣ ሻዩ በብርጭቆው ውስጥ እስኪናጥ። «ም! ም!» ይላል። ዓይኑ ከወረቀቱ ወደ ጀሶው፣ ከጀሶው ወደ ወረቀቱ ይመላለሳል። ስሙን፣ ፎቶውን፣ ከሳጥኑ በላይ አይቷል። ፊደሉ ቢተራመስበትም የራሱን ፎቶ አይስትም።

«ማን ነው የጻፈው?» አለ ሐኪሙ።

«እሱ ነዋ! ሌላ ማን ይጽፈዋል?» አለች እታለም። ድምፅዋ ግን ቀጠነ። «እሷ እንደሆነች ታይፒስት ናት። ያላትን ነው የምትመታው።»

ሁሉም ወደ ታይፒስቷ ዞሩ። ራሷን ነቅነቅ ብታደርግ በቂ ነበር። ቃል እንኳን አይጠይቅም። ባሏ ዓይኑን ተክሎባታል፤ የቁጣ ዓይን አይደለም፤ ያልገባው ሰው ዓይን ነው። እንዲገባው የሚጠብቅ። ያን ጊዜ ከሐኪሙም፣ ከጠበቃውም፣ ከእስር ቤቱም ይልቅ ያን ዓይን ፈራች።

«እኔ ነኝ» አለች። «እሱ አንድ ቃል የለበትም። ከታመመ ወዲህ የወጣው ሁሉ የኔ ነው። እሱ አያውቅም። አታልዬው ነው።»

እታለም ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። መምህሩ መምታቱን አቆመ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሕዝብ አጨበጨበ፤ ሐኪሙ ሳያስበው ዓይኑን ወደዚያ ወረወር አደረገና በራሱ አፍሮ መለሰው።

«ስንት ሳምንት?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«ጎልፍ ተጫውተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

ሐኪሙ ሊስቅ ይሁን ሊጮህ አላወቀችም። ጀሶውን ወደሷ ዘረጋ። ከጫፉ የወጡት ጣቶች አብጠዋል። «አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ አይሰሙኝም። ያከመኝ ሰው ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት በእነዚህ ሁለት ጣቶች ነው ሰው አፍ ውስጥ ስሠራ የኖርኩት። ትናንት አንዲት ሕፃን አባቷ አቅፎ አመጣት፣ መንጋጋዋ አብጦ፤ ሌላ ቦታ ውሰዳት አልኩት።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ቢያደርግ በተሻላት። «እና እርስዎ ድስት እየጠበቁ ጻፉት?»

ድስቱን ማን ነገረው? ማንም። ለካ ጥያቄውን ስትመልስ አፏ ሳታውቀው ድስቱንም ጨምሮ ሁሉንም ተናግሮ ኖሯል።

መምህሩ «ም» አለ። ለሐኪሙ ነው። በግራ እጁ ከሻይ ዝርግ ሳህኑ ላይ አንድ ኩብ ስኳር አነሳ። ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠው፤ ጎኑ ላይ ሽባውን ክንዱን እንደ ሥር አስጠጋለት። ወደ ሐኪሙ ተመለከተ፣ አየህ እንደሚል። ከዚያ ስኳሩን በሁለት ጣቱ አነሳና ራቅ አድርጎ፣ የልብሱ ገላጣ ላይ አኖረው። አንድ ጣት አነሳ፦ አንድ ምት። በቃ።

ሐኪሙ ያን ስኳር ብዙ ጊዜ አየው። «ምት ይተካል፣ እጅ አይተካም» አለ በመጨረሻ። «አራተኛው ትምህርት ላይ ነግረውኛል፣ ሰባተኛው ጉድጓድ አጠገብ ቆመን። አውቀው ነበር።» አንገቱን ደፋ። «አውቀው ነበር እኮ መምህር! ግን የእርስዎ ስም ስለነበረበት፣ ሐሳብዎን ለውጠው ይሆናል አልኩ። ከዚያ ደግሞ ከጎኔ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ ፈሪ እንዳይሉኝ።»

ተነሳ። ወረቀቱን በአራት ሊያጥፍ ሞክሮ አልሆን ሲለው ጨምድዶ ኪሱ ከተተ። ለታይፒስቷ፣ «ይቅር ብያለሁ አልልዎትም» አላት። «ዛሬ አልችልም። ምን እንደማደርግም አላውቅም፤ ጣቶቼ ይወስናሉ። ግን ለአዘጋጁ እርስዎ ራስዎ ይንገሩት፣ ዛሬውኑ። ካልነገሩት እኔ እነግረዋለሁ። ይቺን ወረቀት ቆርጦ ኪሱ የከተተ እኔ ብቻ አይምሰልዎ። በክለቡ ስንት ሽማግሌ አለ፣ ስንት ልብ ሕመምተኛ አለ፤ ሰኞ ሰኞ የእርስዎን ቃል ይዞ ሜዳ የሚወጣ!» ከዚያ ወደ አልጋው ዞሮ ጎንበስ አለና የመምህሩን ትከሻ ሳመ። «እኔ ረስተውኛል ብዬ ነበር» አለው። «እመጣለሁ።»

መኪናዋ ሄደች። ታይፒስቷ የሄደው ፍርሃት መስሏት ነበር፤ ለካ ትልቁ ገና እየገባ ነው። ሽማግሌዎቹን አየቻቸው፤ በጠዋት፣ ጤዛ ላይ፣ የሷን ወረቀት በኪሳቸው ይዘው፣ ወገባቸውን እሷ እንዳለችው ሲጠመዝዙ። ስልኩን አንስታ ደወለች።

ለአዘጋጁ ሁሉንም ነገረችው። ከዚያ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ «የፍጻሜው ውጤትስ?» አላት።

ዞር ብላ ቴሌቪዥኑን አየች። «ግራኙ በአንድ ምት አሸነፈ።»

«እሺ» አለ። ሲጽፈው ይሰማል። ከጻፈ በኋላ ነው ቁጣው የመጣው፤ ሰደባት፤ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ ምክሩ ከነገ ጀምሮ እንደማይወጣ ነገራት፤ በቦታው እርማት ይወጣል፣ ማን እንደጻፈው በግልጽ ተነግሮ። «ሌላስ?» አላት። «ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር አለ? ማተሚያ ቤት ሳይገባ፣ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ይንገሩኝ። የትኞቹ ናቸው ስህተት?»

«አላውቅም» አለች። በቀኑ ውስጥ ከተናገረችው ሁሉ ያስደነገጣት ይህ ቃል ነበር።

የሠላሳ ስድስቱን ገጽ ቅጂ ከነክላሰሩ አምጥታ አልጋው ጎን ወንበር ሳበች። መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ስሙን ጠራችው፣ አልዞረም። ትከሻውን ነካችው፣ ትከሻው ድንጋይ ሆነባት።

«ብትጣላኝ እውነትህን ነው» አለችው። «ነገ ተጣላኝ። ሰው መጠየቅ የከለከልኩህም እኔ ነኝ፣ እሱንም ጨምርበት። አሁን ግን ስማኝ፤ ሰው ሊጎዳ ነው። ስህተት የሆነውን አንኳኳልኝ።»

አልተነቃነቀም። ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ከደብተሩ የተገለበጠ ነው፣ ዝም አለ። ሁለተኛውም ዝም። ሦስተኛው ላይ፣ ከመጫወት በፊት አንገትን ስለማፍታታት፣ ግድግዳው ተንኳኳ። ደነገጠች። መስመር በመስመር መለሰችው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ እንደገና ተንኳኳ። «በኃይል የሚለው ነው? ቀስ ተብሎ ነው?» ግድግዳው ዝም አለ፤ ከብርድ ልብሱ በላይ ጣት ተነሳ። እታለም ሳትጠራ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ቀይ እስክሪብቶ ያዘች፤ እያንዳንዷን ስህተት ስታሰምር «አንድዬ!» ትላለች። ስድስተኛው ላይ ተንኳኳ። ሰባተኛው ላይ ሁለት ጊዜ። ዘጠነኛው ላይ ነገሩ በማንኳኳት ብቻ አላልቅ ሲል፣ መምህሩ በግራ ክርኑ እየገፋ ወደነሱ ዞረ፤ ፊቱ ላብ ሆኗል። አላያትም። ወረቀቱን ነበር የሚያየው። በእጁ የአያያዙን ቅርጽ ሠርቶ አሳያቸው፤ እሷ ጻፈች፤ አነበበችለት፤ አንኳኳ፤ ሰርዛ ጻፈች።

ውጭ ገና ብርሃን ነበር። አሥራ አራተኛውን ስታወጣ እጇ ቆመ። ይኼኛው ከደብተሩ አንድ ቃል የለበትም። ድሮ ምሽት ላይ እሱን ለመጥራት ሜዳውን አቋርጣ ስትሄድ ካየችው፣ ከራሷ የመጣ ነው፤ ስለ መምታት ሳይሆን ከምት እስከ ምት ስለሚሄዱት መንገድ። ልትዘለው አሰበች፤ መዝለል ግን ዛሬ አልቻለችም። አነበበችው። «ከኳስ ወደ ኳስ ስትሄድ ኳሱን አትይ። ሣሩን እየው፣ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ዛፎቹን ጠይቅ። የሚደክመው የሚመታ ሰው ሳይሆን እየተጨነቀ የሚራመድ ሰው ነው።» ጨርሳ ጠበቀች። አልጋው አልተንኳኳም። እንቅልፍ ወስዶት እንዳይሆን ብላ ቀና አለች፤ ዓይኑ ተከፍቷል፤ ከወረቀቱ ላይ ተነስቶ እሷ ላይ ነው። ድምፅዋን ጠርጋ እንደገና አነበበችው። ጣቱን አነሳ።

«ይኼንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችው፤ እንዳይሳሳት ብላ።

ጣቱ አልወረደም። እታለም እስክሪብቶዋን እንዳነሳች ቀረች። ሃያ ሁለት ገጽ ቀርቷል፤ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከሩብ ነው። ታይፒስቷ የሚቀጥለውን ከክላሰሩ መዝዛ ማንበብ ጀመረች።